የአክስቴን ቢፌ ሳድስ

ቢፌው ቤቴ የገባው ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። አክስቴ የኖረችበትን ቤት ለቅቃ ልጇ ጋ ስትገባ ዕቃው ለዘመድ አዝማድ ተከፋፈለ። ድስቱ፣ ምንጣፉ፣ ቴሌቪዥኑ ወዲያው ሰው አገኘ። ቢፌው ግን ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። ከባድ ነው። ጠቁሯል። ከሦስቱ መሳቢያዎች አንዱ ጭራሽ አይከፈትም። «ለልዋጭ ስጡትና ሳፋ ተቀበሉበት» ያለ ሰው ነበር። እኔ ግን ልጅ ሆኜ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ከዚያ ቢፌ መስታወት ጀርባ የሚወጡትን ስኒዎች ስቆጥር ነው ያደግኩት። «እኔ እወስደዋለሁ» አልኩ። አራት ሰው ተሸክሞት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ወጣ።

ስለ እንጨት ምንም አላውቅም ነበር። በእጄ መዶሻ ይዤ የማውቀው ምስማር ለመምታት ብቻ ነው። አሁን ቢፌው ሳሎኔ ውስጥ ቆሟል፤ ያምራል። እዚህ ለመድረስ ግን ስድስት ወር ፈጀብኝ። ግማሹ ጊዜ ያበላሸሁትን ለማስተካከል የሄደ ነው። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ዕቃ ካለ፣ የኔን ስህተት ሳትደግሙ እንድትጀምሩ ብዬ ነው የምጽፈው።

ቢፌው ሲመጣ ምን ይመስል እንደነበር ልንገራችሁ። ከላይ ያለው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አምስት ስድስት ነጭ ክብ ምልክት አለ፤ ትኩስ ስኒ የተቀመጠበት ነው። አንድ ጥቁር ክብም አለ፤ ለዓመታት የአበባ ማስቀመጫ ቆርቆሮ ተቀምጦበት ውሃ ሲያንጠባጥብ የኖረበት። ጥግ ላይ የዕጣን ማጨሻ ያቃጠለው የአውራ ጣት ያህል ቦታ አለ። መሳቢያዎቹ እጀታ ዙሪያ ደግሞ የሚያጣብቅ ጥቁር ነገር። እኔ ይህ ሁሉ ያረጀ ቫርኒሽ መሰለኝ። «ተፍቆ መውጣት አለበት» ብዬ ወሰንኩ።

የመጀመሪያው ስህተቴ እሱ ነው። ሳላጥበው መፋቅ ጀመርኩ።

ብርጭቆ ወረቀት ልገዛ ሄድኩ። ሻጩ «ስንት ቁጥር?» ሲለኝ ቁጥር እንዳለው እንኳን አላውቅም። «ጠንካራውን» አልኩት። 60 ቁጥር ሰጠኝ። ቁጥሩ ሲያንስ ወረቀቱ ሸካራ ነው፤ ሲበዛ ይለሰልሳል። 60 ማለት ሻካራ ጣውላ የሚያስተካክሉበት ነው፤ ለተሠራ ዕቃ አይሆንም። ቤት ገብቼ ልክ ድስት እንደማጥብ ክብ ክብ እየሠራሁ ፈተግኩት። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ወረቀቱ በሚያጣብቅ ቆሻሻ ተሞልቶ ለሰለሰ። ሌላ ቀየርኩ። ሌላ። ማታ ላይ ከላይ ያለው ጠፍጣፋ ቦታ ገረጣ። በ240 ቁጥር ጨረስኩት። በእጄ ስዳስሰው እንደ ሐር ነበር። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በማግስቱ ቫርኒሽ ስቀባው ሁሉም ጭረት ወጣ። በመቶ የሚቆጠር ክብ ክብ ጭረት፣ ቀለሙን ጠጥቶ ጠቁሮ። ከ60 ወደ 240 ስዘል መካከለኛዎቹን ቁጥሮች ስለተውኩ 240ው ጫፉን ብቻ ነው ያለሰለሰው። የ60ው ገደል ከሥር እንዳለ ቀርቷል። እጅ አያገኘውም። ቫርኒሽ ግን ያገኘዋል።

ከብሎካችን ትንሽ ወረድ ብሎ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት አለ። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ አናጢ ናቸው። በር ላይ ቆሜ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት» አልኳቸው። የቢፌውን ፎቶ በስልክ አሳየኋቸው። ፎቶውን ትተው ያመጣሁትን የመሳቢያ ፊት ተቀበሉኝ። አገላበጡት። በጥፍራቸው ጫሩት። «ዋንዛ ነው ልጄ» አሉኝ። «ይኼንን በ60 ነው የፈተግሽው?»

ስለ ዋንዛ አንድ ነገር ልበል። የሀገራችን የቤት ዕቃ እንጨት ቢባል ቀድሞ የሚጠራው እሱ ነው። ከበሮው፣ የቤተ ክርስቲያን በሩ፣ ቀፎው፣ ብዙ ነገር የሚሠራው ከሱ ነው። ቀላል ነው፤ መጋዝም መላጊያም አያስቸግርም። መሃሉ ወርቅማ ቡናማ ሆኖ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ይጠቁራል። ነገር ግን ለስላሳ ስለሆነ ሸካራ ወረቀት በቀላሉ ያቆስለዋል። እንደ ድሮው በቀላሉም አይገኝም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሏል። ስለዚህ የእናታችሁ ወይም የአያታችሁ የዋንዛ ዕቃ ካለ፣ በልዋጭ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ደግማችሁ አስቡበት። በዚያ ገንዘብ የምትገዙት የቺፑድ ዕቃ ውሃ ከነካው ያብጣል፤ ካበጠ በኋላ ደግሞ መልሶ የሚያድነው የለም።

አናጢው ያሉኝ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ «መጀመሪያ ጀርባውን ጠይቂው»። ምን ማለታቸው እንደሆነ ቆይቶ ነው የገባኝ። ከዕቃው ላይ ማንም የማያየው ቦታ ፈልጉ። የጀርባ ጠርዝ፣ የበር ውስጠኛ ጫፍ፣ የእግር ሥር። ማንኛውንም ነገር፣ ሳሙናውንም፣ ፈሳሹንም፣ ወረቀቱንም፣ መጀመሪያ እዚያ ሞክሩት። ከዚያ ነው ወደ ፊት የሚመጣው።

እኔም ቤት ተመልሼ ያልነካሁትን ጎን ማጠብ ጀመርኩ። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና፣ በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ። ጨርቁ እርጥብ እንጂ የሚንጠባጠብ መሆን የለበትም። የመጀመሪያው ባልዲ ውሃ የተልባ ፍትፍት መሰለ። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ወለወልኩትና በአኳራጅ፣ ማለትም የዘይት ቀለም በሚያቀጥኑበት ፈሳሽ፣ ደግሜ አሸሁት። ቅባትና ሰም የሚያነሳው እሱ ነው። ጥቁሩ ነገር ቫርኒሽ አልነበረም። የእጅ ቅባት፣ የዕጣን ጭስ፣ የሻማ ቅላጭ፣ የዓመታት አቧራ ነበር። ከሥሩ ማር የሚመስል እንጨት ወጣ። ቆሜ አየሁት። አልቅሽ አልቅሽ አለኝ። ይህንን ግንቦት ላይ ባደርገው ኖሮ የላይኛውን ጠፍጣፋ ባልፈተግኩት ነበር።

እና ምክሬ ይህ ነው፦ ዕቃችሁን ሳታጥቡ ምንም ነገር አትወስኑ። ታጥቦ ጥሩ ሆኖ ከታየ ሰም ቀብታችሁ ተዉት። መፋቅ የግድ አይደለም። ነጩ ክብ ምልክትም ቢሆን ብዙ ጊዜ ሽፋኑ ውስጥ የገባ እርጥበት ነው፤ እንጨቱ ጋ አልደረሰም። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አጥፋችሁ አስቀምጡበትና ካውያውን ዝቅተኛ ሙቀት ላይ አድርጋችሁ ለጥቂት ሰከንድ ጫን አድርጉ፤ አንሱና እዩ። አንዱ መሳቢያ ላይ የነበረኝ ነጭ ክብ በሦስተኛው ሙከራ ጠፍቷል። ጥቁሩ ክብ ግን ሌላ ነው። ብረትና ውሃ አንድ ላይ ሆነው እንጨቱን ውስጡ ድረስ አጥቁረውታል። የኔው ዛሬም አለ። በፈተግኩ ቁጥር ጉድጓድ እየሆነ ሲመጣ ተውኩት።

ወደ ሁለተኛው ትልቅ ስህተት ልምጣ። ወሩ ሐምሌ ነው። አንድ የማውቀው ልጅ «ላከር ቀቢው፣ ወዲያው ይደርቃል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እንጨት ሥራ ቤቶች ሲለር (ከሥር የሚቀባው መነሻ) እና ላከር (በቲነር የሚሟሟ፣ ቶሎ የሚደርቅ ሽፋን) የሚጠቀሙት ለዚህ ነው። እነሱ ግን በኮምፕረሰር ይረጩታል። በብሩሽ ስትቀቡት ብሩሹ አንድ ጊዜ ሄዶ ሳይመለስ ላከሩ መድረቅ ይጀምራል። የኔው የብሩሽ ዱካ በዱካ ሆነ። ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የላይኛው ጠፍጣፋ ጫፍ ላይ፣ አሮጌው ሽፋን ያልተፋቀበት ቦታ፣ ላከሩ እንደነካው ቆዳው ተጨማደደ። ልክ የፈላ ወተት ሲቀዘቅዝ ከላይ እንደሚይዘው ስልባቦት። በሌላው ቦታ ደግሞ ነጭ ጉም ወረደበት።

ሁለቱም ምክንያት አላቸው። ጉሙ የክረምት ነው። ላከር ሲደርቅ ቲነሩ ቶሎ ይተንናል፤ ሲተንን ፊቱን ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘው ፊት ከእርጥብ አየር ላይ ውሃ ይስባል። ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ ውስጥ ላከር አትቀቡ። ጭምድዱ ደግሞ ከሥር የነበረው ሽፋን የዘይት ቫርኒሽ ስለሆነ ነው። የላከር ቲነር የዘይት ቫርኒሽ ላይ ሲፈስ ከሥር ገብቶ ያነሳዋል። አክስቴን ስጠይቃት ትዝ አላት። ለአንድ ሠርግ ጊዜ ከላይ ብቻ ቫርኒሽ አስቀብተውት ነበር። ጎኑ የመጀመሪያው አናጢ የቀባው፣ ላዩ በኋላ የመጣው። አንድ ዕቃ ላይ ሁለት ዓይነት ሽፋን።

ስለዚህ ምን እንደተቀባ እንዴት ይታወቃል? አናጢው ያሳዩኝ እንዲህ ነው። ጥጥ በአልኮል አርሳችሁ የተደበቀ ቦታ ላይ ግማሽ ደቂቃ ያዙት። ሽፋኑ ከተጣበቀና ጥጡ ላይ ቡናማ ቀለም ከወጣ፣ የድሮ አናጢዎች ጎማላካ የሚሉት፣ በአልኮል የሚሟሟው ሽፋን ነው። አልኮሉ ምንም ካላደረገው ሌላ ጥጥ በቲነር አርሳችሁ ሞክሩ። ወዲያው ከሟሟና ከለሰለሰ ላከር ነው። ካልሟሟ፣ ወይም ቆይቶ ከተጨማደደ፣ የዘይት ቫርኒሽ ወይም ሌላ ጠንካራ ሽፋን ነው። ይህችን የአምስት ደቂቃ ሥራ መጀመሪያ ብሠራ ኖሮ አንድ ወር ሙሉ ይተርፈኝ ነበር። የኔው ጎን በቲነር ሟሟ። ላዩ ግን አልሟሟም።

አናጢው ቤት ስመላለስ ቃላቱም ደስ ይሉኝ ነበር። ኮላ (ማጣበቂያ)፣ ሞርሳ (እንጨት ጠብቆ መያዣ)፣ ካቻቢቴ፣ ስቱኮ (ቀዳዳ መድፈኛ)፣ አኳራጅ። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ቃላቱን ካላወቃችሁ ሱቅ ስትገቡ ትቸገራላችሁ፤ እኔ ካቻቢቴን «ብሎን መፍቻ» እያልኩ ለደቂቃ ተከራክሬያለሁ።

ላዩን እንደገና ከዜሮ መጀመር ግድ ሆነ። የተጨማደደውን ለማንሳት አናጢው ከአሮጌ መጋዝ የተቆረጠ፣ የመዳፍ ያህል ጠፍጣፋ ብረት ሰጡኝ። ጠርዙ ላይ በጣት የምትሰማ ትንሽ እጥፋት አለችው። ብረቱን በሁለት እጅ ይዛችሁ በአውራ ጣት መሃሉን ገፋ ታደርጉታላችሁ፤ ትንሽ ይለመጣል። ዘንበል አድርጋችሁ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ትገፉታላችሁ። በትክክል ሲያዝ አቧራ አያወጣም። እንደ ቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኖ የተጠቀለለ ፍቅፋቂ ነው የሚያወጣው። አቧራ ብቻ ካወጣ ጠርዙ ደንዝዟል ማለት ነው። የመጀመሪያው ቀን አውራ ጣቴ ከብረቱ ሙቀት የተነሳ ተቃጠለ። በሁለተኛው ቀን ጣቴን በፕላስተር ጠቅልዬ ሠራሁ። ከብርጭቆ ወረቀት በጣም ይሻላል። ድምፅ የለውም፣ አቧራ የለውም፣ የምታነሱትንም እያያችሁ ነው።

ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ ግን በሥርዓት። 120፣ ቀጥሎ 180፣ ቀጥሎ 240። ሁልጊዜ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ፤ በፍጹም አግድም ወይም ክብ አይደለም። ወረቀቱን ጠፍጣፋ የእንጨት ቁራጭ ላይ ጠቅልሉት፤ በጣት ብቻ ከያዛችሁት ጣት የነካው ቦታ ይጎደጉዳል። ቁጥር ከመቀየራችሁ በፊት አቧራውን ጥረጉና የስልካችሁን መብራት ከእንጨቱ ጎን፣ በጣም ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። ከላይ ሲበራ የማይታይ ጭረት ከጎን ሲበራ ጥላ ይጥላል። ጭረት ካያችሁ ወደ ቀጣዩ ቁጥር አትሂዱ። ከጨረሳችሁ በኋላ ደግሞ በአኳራጅ በረጠበ ጨርቅ አንዴ አብሱት። ለአንድ ደቂቃ ያህል ቫርኒሽ ሲቀባ የሚመስለውን ያሳያችኋል። ጭረትም፣ የደረቀ ኮላም ካለ ያኔ ይታያል።

ኮላ ስል፦ የላላውን እግር በነጭ ኮላ ሳጣብቅ የተረፈው ፈሰሰ። በደረቅ ጨርቅ ጠረግኩት፤ የጠፋ መሰለኝ። ቫርኒሽ ሲቀባ ኮላው የነካው ቦታ ቀለሙን አልጠጣም፤ እንደ ለምጽ ገርጥቶ ቀረ። ኮላ ሲፈስ ወዲያውኑ በእርጥብ ጨርቅ ነው የሚጠረገው።

የበሮቹ ነገር ያሳዝነኛል። ዋንዛ መስለውኝ ነበር። ጠንካራ ጣውላ ሳይሆኑ ኮምፔንሳቶ (ተደራርቦ የተጣበቀ ስስ እንጨት) ላይ የተለበጠ ስስ የእንጨት ልባጥ ናቸው። ልባጡ ከወፍራም ወረቀት ብዙ አይበልጥም። የግራውን በር ጠርዝ ስፈትግ በድንገት ቀለሙ ተቀየረ፤ ነጣ ያለ፣ መስመሩ አግድም የሆነ ሌላ እንጨት ብቅ አለ። ያኔ እጄን አነሳሁ፤ ግን አልፏል። የተበሳ ልባጥ አይመለስም። ቡናማ የእንጨት ቀለም በቀጭን ብሩሽ እየነካካሁ ሸፈንኩት። ከሩቅ አይታይም። ቀረብ ብሎ ለሚያይ ይታያል። ከመፈተጋችሁ በፊት የበሩን ጠርዝ እዩ። ፊቱ ላይ ያለው የእንጨት መስመር ጠርዙንም ዞሮ ከሄደ ሙሉ እንጨት ነው። ጠርዙ ላይ ንብርብር ከታየ ልባጥ ነው። ልባጥ ከሆነ ብረቱን አትንኩት፤ 180 እና 240 ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ ጠርዙ ላይ እንዲያውም ባይነካ ይሻላል።

አሁን ስለ ደኅንነት። እዚህ ጋ እንድትቆሙ እለምናለሁ።

አንደኛው ቲነር ነው። አንድ ቅዳሜ በረንዳ ላይ ቲነር በሳህን ከፍቼ እሠራለሁ። የጎን ጎረቤቴ ኮሪደሩ ላይ ቡና ልታፈላ ከሰል እያቀጣጠለች ነው። መሃላችን አምስት እርምጃ አይሆንም። «አንቺ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?» ብላ ስትመጣ ማራገቢያው በእጇ ነው። ሁለታችንም ከሰሉን አየነው፣ ሳህኑን አየነው። የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል ሄዶ እሳት ይፈልጋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ቲነርና አኳራጅ የምነካው ጎረቤቶቼን ጠይቄ፣ ከሰልም ሻማም በሌለበት ሰዓት፣ መስኮት ሁሉ ተከፍቶ ብቻ ነው። የአፍንጫ መሸፈኛ ጭምብሉ አቧራ ይከላከላል እንጂ የቲነር ሽታ አይከላከልም። ራሳችሁን ከከበዳችሁ ውጡ።

ሁለተኛው ጨርቅ ነው። ቢፌው ላይ ከመሞከሬ በፊት አንድ የዋንዛ በርጩማ ላይ የተልባ ዘይት ሞክሬ ነበር። ለእንጨት የተዘጋጀው፣ የሚደርቀው ዓይነት ነው። የቀባሁበትን ጨርቅ ጨብጬ ፌስታል ውስጥ ከትቼ በረንዳው ጥግ ጣልኩት። ከሦስት ሰዓት በኋላ የሚያር ነገር ሸተተኝ። ፌስታሉን ስነካው ትኩስ ነው። ውስጡ ያለው ጨርቅ መሃሉ ቡናማ ሆኗል። እሳት አልነካውም። የሚደርቅ ዘይት የሚደርቀው ከአየር ጋር ተዋህዶ ነው፤ ሲዋሃድ ሙቀት ያወጣል። ጨርቁ ከተጨበጠ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ራሱን ያቀጣጥላል። ቤት ሊያቃጥል ይችላል። ዘይት የነካ ጨርቅ ውጭ ገመድ ላይ አንድ በአንድ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ ወይም ውሃ በሞላ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት። ለሌላ ሰው ከሠራችሁም ይህን ሳትነግሩ አትሂዱ።

ሦስተኛው የድሮ ቀለም ነው። ዕቃችሁ በቫርኒሽ ሳይሆን በቀለም የተቀባ ከሆነና አሮጌ ከሆነ፣ በቀለሙ ውስጥ እርሳስ (መጻፊያው ሳይሆን ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖር ይችላል። በሀገራችን በቀለም ውስጥ የሚገባውን እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ የሚወስን ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባውን በደረቁ አትፈትጉ። ውሃ የማይበላው ብርጭቆ ወረቀት አለ፤ እያረጠባችሁ ፈትጉ፣ ጭቃውን በጨርቅ ሰብስባችሁ ጣሉ። ልጅ ወይም እርጉዝ ሴት ባለችበት ቤት ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አትጀምሩት።

ከክረምቱ ጋር መታገሉን ትቼ ቢፌውን በአንሶላ ሸፍኜ ጥቅምት ድረስ አስቀመጥኩት። በመሃል የጀርባው እግር ላይ ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎች አየሁ። ከሥሩ ጥቁር ጨርቅ አነጠፍኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደ ዱቄት የደቀቀ ነገር ቢወርድ ነቀዙ በሕይወት አለ ማለት ነበር። አልወረደም። የድሮ ቀዳዳ ነው። ናፍጣ ልቀባው አስቤ ነበር፤ አናጢው ከለከሉኝ። ናፍጣ የጠጣ እንጨት ቫርኒሽ አይዝም፣ ሽታውም ከቤት አይወጣም።

ጥቅምት ሲገባ ሰማዩ ጠራ። አየሩ ደረቀ። ለብሩሽ የሚመቸው የዘይት ቫርኒሽ ነው፤ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ የብሩሹ ዱካ ራሱ ይተኛል። ጎኑ ላይ የነበረውን ላከር ከማንሳት ይልቅ በ320 ቁጥር ሻከር አደረግኩትና በላዩ ቫርኒሹን ቀባሁ። ቫርኒሽ ላከር ላይ ይሄዳል። ላከር ቫርኒሽ ላይ ነው የማይሄደው። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ወለሉን ውሃ ረጨሁ፤ አቧራ እንዳይነሳ። ቫርኒሹን አልናጥኩትም፤ ሲናጥ አረፋ ይይዛል። በእንጨት ዘንግ ቀስ አድርጌ አማሰልኩት። ባዶው እንጨት ላይ የመጀመሪያውን ዙር በአኳራጅ እኩል ለእኩል አቀጥኜ ቀባሁ። ይህ እንጨቱ እንዲጠጣው ነው፤ ውበት አትጠብቁበት። አንድ ሙሉ ቀን አደረ። በ320 ቁጥር ቀለል አድርጌ ዳበስኩት፤ ነጭ ዱቄት ካወጣ ደርቋል፣ ከተጣበቀ አልደረቀም። አቧራውን ጠርጌ ሁለተኛውን ቀባሁ። ይህኛው ብዙም አልቀጠነም። ሦስተኛውም እንደዚያው።

ብሩሹ አንድ ሦስተኛው ብቻ ይነከር። የጣሳው ጠርዝ ላይ አትፋቁት፤ ውስጠኛው ግድግዳ ላይ መታ መታ አድርጉት። ከቀባችሁ በኋላ ባዶውን ብሩሽ በጫፉ ብቻ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ሳትጫኑ አንዴ ጎትቱት። ከዚያ ውጡ። በር ዘግታችሁ ውጡ። «እዚህ ጋ ትንሽ ቀርቷል» እያላችሁ ግማሽ የደረቀውን ስትነካኩ ነው የሚበላሸው። በሁለተኛው ዙር እኔ አንዲት ፀጉር ላነሳ ብዬ የጣት አሻራዬን ትቼበታለሁ። ፀጉሯን ብተዋት ኖሮ ከደረቀ በኋላ በወረቀት ትወጣ ነበር።

ለመጨረሻው ማሻሻ ሰም ሠራሁ። ጠጅ የሚጥሉ ዘመዶች ስላሉኝ ሰፈፍ አላጣሁም። ሰፈፉን በውሃ አፍልቼ በጨርቅ አጠለልኩት፤ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ላዩ ላይ ረግቶ ወጣ። ሰም ሲቀልጥ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም። ትንሹን ጣሳ ሙቅ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ሰም 63 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ከቀለጠ በኋላ ምድጃውን አጥፍቼ፣ ጣሳውን ውጭ አውጥቼ ነው አኳራጁን የጨመርኩበት። ሲቀዘቅዝ እንደ ለጋ ቅቤ ሆነ። ቫርኒሹ ሁለት ሳምንት ከቆየ በኋላ በጨርቅ በስሱ ቀብቼ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቄ፣ በንጹሕ ጨርቅ እስኪያበራ አሸሁት። የምግብ ዘይት እንዳትሞክሩ። አንድ መደርደሪያ ላይ ሞክሬው ለሳምንታት ሲያጣብቅ ቆይቶ በመጨረሻ ሸተተ።

የማይከፈተው መሳቢያ ቀላል ነበር። አውጥቼ የሚንሸራተትበትን ጠርዝ በሻማ አሸሁት፤ አሁን በአንድ ጣት ይከፈታል። ስመልሳቸው ግን ሌላ ችግር መጣ። ሦስቱም መሳቢያዎች እኩል ይመስላሉ፤ ሲገቡ ግን አንዱ ይጠብቃል፣ አንዱ ይላላል። ገልብጬ አየኋቸው። ከኋላቸው፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ በእርሳስ ፩፣ ፪፣ ፫ ተጽፏል። ቢፌው ውስጥ ያለው ጣውላ ላይም እንደዚያው። አናጢው እያንዳንዱን መሳቢያ ለየራሱ ቦታ በእጁ ለክቶ ነው የሠራው። ጥጉ ላይ እንደ ጣት የተጠላለፈው መጋጠሚያም አንዱ ካንዱ እኩል አይደለም። እርሳሱን በወረቀት ሳላጠፋው በመቅረቴ ደስ ይለኛል። ዕቃ ስትፈቱ እንዲህ ያለ ምልክት ፈልጉ፤ ፎቶ አንሱት፤ አትፈትጉት።

የመሳቢያዎቹን ውስጥ ምንም አልቀባሁትም። አናጢው «ውስጡ ይተንፍስ፣ የተዘጋ ቦታ ውስጥ ቫርኒሽ ሽታው አይለቅም» ስላሉኝ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ አበስኩት።

አክስቴ የመጣችው ለኅዳር ሚካኤል ነው። ደረጃውን ቀስ ብላ ወጣች። ቢፌው ፊት ቆማ ብዙ አልተናገረችም። ላዩን በመዳፏ ዳበሰችው፤ ጥቁሩ ክብ ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ፣ አለፈ። መካከለኛውን መሳቢያ ከፈተችና ጎንበስ ብላ አሸተተችው።

«ኮረሪማው አለ እኮ» አለች። ድሮ ቅመም የምታስቀምጠው እዚያ ነበር።

ከዚያ የግራውን በር ጠርዝ አየችው። «ይቺ ድሮም ነበረች?»

«የለም እትዬ፣ የኔ ናት። ፈትጌው ነው።»

ራሷን ነቀነቀች። ስኒዎቹን ላወጣላት ስል እጄን ያዘችኝ። «ቆይ» አለች፣ «መጀመሪያ ከሥሩ የሚነጠፍ ጨርቅ አምጪ።»